ለሦስት ወር ሕፃን የሚሆን ጭጋግ

ሳህሌ ከአይብ ጋር መነጋገር የጀመረበትን ቀን አያስታውሰውም። ሰው ብቻውን ሲቀር መጀመሪያ ከራዲዮ ጋር ይጨቃጨቃል፤ ቀጥሎ ድመቱን ያማክራል። ሳህሌ ድመት አልነበረውም፤ ድመትና አይብ በአንድ ጣሪያ ሥር አያድሩም። ስለዚህ የቀሩት አይቦቹ ናቸው።

«እንዴት አደራችሁ?» ይላል ጠዋት የመጋዘኑን በር ከፍቶ።

አይመልሱም። እሱም አይቀየማቸውም።

ቤቱ አቃቂ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ነው። አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ሆነው የኖሩበት የድንጋይ ቤት። አባቱ ሲያርፉ እናቱ ወይዘሮ ዳሲቱ እህቱ ማህሌት ጋ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ገቡ። ሳህሌ «ቤቱን ማን ይጠብቀዋል?» ብሎ ቀረ። እውነቱን ለመናገር ቤቱ ጠባቂ አያስፈልገውም ነበር፤ የድንጋይ ቤት ተሸክሞ የሚሮጥ ሌባ ቃሊቲም ቢሆን ገና አልተወለደም።

የቀረው ለመጋዘኑ ሲል ነው። ከቤቱ ጀርባ ግማሽ አካሉ መሬት ውስጥ የተቀበረ፣ ግድግዳው የወፈረ፣ በጋ ከክረምት የሚቀዘቅዝ ክፍል አለ። ሳህሌ ዩኒቨርሲቲ የምግብ ምህንድስና ተምሮ በአንድ ብስኩት ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ሆኖ ነበር። ሥራው ብስኩቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት መሆናቸውን ማረጋገጥ ነው። አንድ ዓይነት ነበሩ። ጥቂት ዓመት እንዲህ ሲያረጋግጥ ኖረና አንድ ጠዋት ሳይሄድ ቀረ።

ከዚያ ጃለታን አገኘ። ጃለታ በዱከም በኩል ላሞች የሚያረባ፣ ሲስቅ ትከሻው ጭምር የሚስቅ ሰው ነው። ጾም ሲገባ ወተቱን የሚጠጣለት ይጠፋል።

«ከተማው ሁሉ ይጾማል» ይላል። «ላሞቼ ግን እስካሁን አልሰሙም።»

ሳህሌ ያንን የጾም ወተት እየተቀበለ ፎርማጆ ያደርገዋል። ለፍስክ የሚደርስ፣ በመደርደሪያ ላይ ወራት የሚቀመጥ፣ የሚገላበጥ፣ የሚታሽ ፎርማጆ። እናቱ ስልክ በደወሉ ቁጥር አንድ ነገር ብቻ ይሉታል፦

«ሰው ወልዶ ያሳድጋል፤ አንተ አይብ ታሻግታለህ።»

የሚያስጨንቀው ግን ሻጋታው አልነበረም። ድርቀቱ ነው። የበጋው ንፋስ ከአቃቂ ሜዳ ተነስቶ፣ የፋብሪካውን አቧራ አንስቶ፣ በመጋዘኑ በር ሥር እየሾለከ ይገባል። በገና ጾም ወተት የተሠሩት ፎርማጆዎች ቆዳቸው እንደ ገበሬ ተረከዝ መሰነጣጠቅ ጀመረ። እርጥብ ጆንያ ሰቀለ፤ ጆንያው ደረቀ። በሳፋ ውሃ ደረደረ፤ ትንኝ መጣ። የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ አፍልቶ ከተተ፤ ክፍሉ ሞቀና አይቦቹ በላብ ተጠመቁ። በመጨረሻ አንድ ነገር አነበበ። ውሃ ውስጥ ሲነከር ሳያፈላ፣ ሳያሞቅ፣ እየተንቀጠቀጠ ቀዝቃዛ ጭጋግ የሚያወጣ ትንሽ ክብ ብረት አለ። እሱን ፍለጋ ሳሪስ ሄደ።

ከአቦ ወደ ታች በሚወስደው መንገድ ላይ የሕፃን ጡጦና የሞባይል ቻርጀር ጎን ለጎን የሚሸጥ ጠባብ ሱቅ አለ። ከባንኮኒው ጀርባ ወይን ጠጅ ሻሽ ያሰረች ወጣት ቆማለች። ጠመንጃ የምትፈታ ይመስል አንድ ሪሞት በታትና እያየች ነበር። ሳህሌ ተራውን ጠበቀ። ከኋላው ደግሞ ሰልፍ በቀለ፦ ልጅ ያዘለች፣ ጡጦ የያዘች፣ የሪሞቱ ባለቤት እትዬ አሰለፈች።

«ምን ልታዘዝ ወንድሜ?»

«ጭጋግ... ማለቴ፣ ክፍል እንዳይደርቅ የሚያደርግ፣ ጭጋግ የሚያወጣ ነገር አላችሁ?»

«ለሕፃን ነው?»

ሳህሌ «ለአይብ ነው» ሊል አፉን ከፈተ። ዞር ብሎ ሰልፉን አየ። እኒህ ሴቶች በጠራራ ፀሐይ «ለአይቤ ጭጋግ ስጡኝ» የሚል ጎረምሳ ቢያገኙ ጸበል ሳያስገቡት እንደማይለቁት አወቀ።

«አዎ» አለ።

«ስንት ወሩ ነው?»

«ሦስት።» ይሄ እንኳ እውነት ነበር።

«ወንድ ነው ሴት?»

አይብ ወንድ ይሁን ሴት አስቦት አያውቅም። «ወንድ።»

«ያስለዋል?»

«አያስለውም። ቆዳው ነው። ይሰነጣጠቃል።»

«ውይ የኔ ጌታ!» አለ ሰልፉ ባንድ ድምፅ። እትዬ አሰለፈች አንገታቸውን አሰገጉ። «ለቆዳ ቅቤ ነው እንጂ! እናቱ ቅቤ አትቀባውም እንዴ?»

«እናቱ...» አለ ሳህሌ። ቀጥሎ የሚለው ጠፋውና ዝም አለ።

ያቺ ዝምታ ከአፉ ስትወጣ ባዶ ነበረች፤ ሰልፉ ጋ ስትደርስ ጥቁር ለብሳ ነበር። እትዬ አሰለፈች ደረታቸውን በመዳፋቸው መታ አድርገው «ነፍሷን ይማረው» አሉ። ባለ ሱቋ ሪሞቱን አስቀምጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው። ሰፋ ያሉ፣ የማይቸኩሉ ዓይኖች። ሳህሌ ከአባቱ ቀብር ወዲህ እንደዚህ ያየው ሰው አልነበረም። ያን ጊዜም ቢሆን አብዛኛው ሰው ሰዓቱን ነበር የሚያየው።

«ይሄ ዝግጁው ማሽን ለአልጋ ዳር ነው የሚሆነው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ክፍሉ ትልቅ ነው?»

«ትልቅ ነው። የድንጋይ ነው።»

«ሕፃን በድንጋይ ክፍል?»

«ቀዝቃዛ ይስማማዋል።»

ትንሽ አሰበች። ከዚያ የካርቶን ክዳን ቀደደችና መሣል ጀመረች። ባልዲ። በባልዲው ውሃ ውስጥ የሚንቀጠቀጠው ክብ ብረት። ክዳኑ ላይ ሁለት ቀዳዳ፦ በአንዱ የኮምፒውተር ፋን አየር ያስገባል፣ በሌላው ቱቦ ጭጋጉን ያወጣል። እርጥበቱ ሲበቃ የሚያጠፋ፣ ሲጎድል የሚያበራ ሴንሰር።

«ኤሌክትሮኒክስ ነው የተማርኩት» አለች፣ ግርምቱን ከፊቱ አንብባ። «ሱቁ የወንድሜ የዚያድ ነው፤ እጁ የኔ ነው። ሒክማ እባላለሁ። የማይገባህ ነገር ካለ በቴሌግራም ፎቶ ላክልኝ።» ካርቶኑን እየሰጠችው ጨመረች። «የባልዲውን ፎቶ ማለቴ ነው። የልጁን አትላክ፤ ዓይን መጥፎ ነው።»

*

ዓይን ትልቅ ውለታ ዋለለት። ሒክማ ፎቶ አልጠየቀችም፣ ስም አልጠየቀችም። ሚስቱን ያጣ አባት ልጁን ቢሸሽግ ማን ይፈርድበታል? ሳህሌም የሚያወራላት ሁሉ እውነት ነበር፤ ከዋናው ነገር በቀር።

የቀለም ባልዲ አጥቦ ክዳኑን በጋለ ቢላ በሳ። ፋኑን ገልብጦ ገጠመው፤ ፋኑም ጭጋጉን ወደ ራሱ ስቦ ጠጣና እስከ ወዲያኛው ተኛ። ፎቶውን ላከላት።

«ፋኑ መንፋት ነው ያለበት፤ አንተ እንዲተነፍስ አድርገኸዋል» ብላ በድምፅ መለሰች። ከጀርባዋ የሱቁ ጫጫታ፣ የዚያድ «ሒኩ፣ ሪሞቱ የታል?» የሚል ጥሪ ይሰማል። ሳህሌ መልእክቱን ደግሞ ሰማው። ሦስተኛ ሲሰማው ስለ ፋኑ ሊረዳ እንዳልሆነ ገባው።

ሌላ ፋንና ሴንሰሩን በሞተር ላከችለት። በቱቦው ላይ ቀዳዳ እየበሳ በመደርደሪያው ዙሪያ አዞረው፣ መጋጠሚያውን በማስቲሽ አፈነው፣ ውሃ ሞላ፣ ሰካ።

መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ቀጥሎ ከውሃው ውስጥ ጆሮ የማይለየው ጭርርታ መጣና ከቀዳዳዎቹ ሁሉ ነጭ ጭጋግ ፈሰሰ። በመደርደሪያዎቹ ላይ እንደ ወንዝ ወረደ፣ ወለሉ ላይ ተኛ፣ የሳህሌን ጫማ ዋጠው። ሐምሌ በየካቲት ወር መጋዘኑ ውስጥ ገባ።

ሌላ ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠና አየ። ይሄንን ነገር ለሰው ማሳየት አማረው። ስልኩን አወጣ። ይሄንን ሲሠራ አብራው የነበረችው አንድ ሰው ነበረች፤ መጥታ እንድታይ መጥራት የማይችለውም ያችኑ አንድ ሰው ነው።

«ሠራ!» ብሎ ብቻ ጻፈላት።

«አልሐምዱሊላህ! ተኛ?»

ሳህሌ ፎርማጆዎቹን አየ። «አዎ። ሁሉም... ተኝቷል።»

*

ያን ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ በአንድ ሳምንት ገቡ። ከሰዓት በኋላ የሳሪስ ምግብ ቤቶች ወንበር ሰቅለው ያዛጋሉ፤ ሒክማም ሱቁ ጭር ይልባታል። ሳህሌ ለባልዲው የሚያስፈልግ ነገር አያጣም። አንድ ቀን ብሎን፣ አንድ ቀን ሽቦ፣ አንድ ቀን ሲጠፋው ያለፈው ዕለት የገዛውን ብሎን ሊመልስ ይመጣል።

«አንተ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትበላለህ» ትለዋለች። «እኔ እስከ መግሪብ። ይሄ ፍትሕ ነው?»

«አንቺ ግን ሥጋውንም ወተቱንም ትበያለሽ። እኔ ሽሮ ነው የሚጠብቀኝ።»

«ሽሮ በብሎን አይሻልም?»

ዚያድ ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ ይላል። ፂሙን አሳምሮ የሚከረክም፣ ሁሉንም ነገር በቀልድ የሚመዝን ሰው ነው። «የሕፃኑ አባት! ዛሬ ደግሞ ምን ተሰበረ?» ይልና ሁለቱንም በየተራ አይቶ ቀልዱን ሳይጨርስ ይመለሳል። ሳህሌ ያ ያልተጨረሰ ቀልድ ምን እንደሆነ ያውቃል። ወይዘሮ ዳሲቱም ማህሌት ሹክ ብላቸው «ስሟ ማን ነው ያልከኝ?» ብለው ጠይቀዋል። «ሒክማ» ሲላቸው መስመሩ ላይ ኔትዎርክ የሌለ እስኪመስል ዝም ብለው ነበር።

በእነዚያ ከሰዓቶች በአንዱ ሒክማ ከባንኮኒው ሥር ሹራብ መሥሪያ መርፌና ሰማያዊ ክር አወጣች።

«ቆብ ነው» አለች ሳትመለከተው። «ቀዝቃዛ ቢወድም ጭንቅላቱ መሸፈን አለበት።»

ሳህሌ ወንበሩ ላይ ደረቀ።

«ባል ነበረኝ» አለች፣ እጇ ሳያቆም። «አራት ዓመት። ልጅ እምቢ አለ። ሐኪም ቤት ሄድን፣ የሄድንበት ሁሉ ደህና ናችሁ አለን። እናቱ ግን ደህና አይደለሽም አሉ። እሱ ደግሞ የሐኪሙን ትቶ የእናቱን ሰማ።» ክሩን ሳብ አደረገች። «ከዚያ ወዲህ ለሕፃን ምንም ሠርቼ አላውቅም። ሁሉም ‹አይዞሽ› ይለኛል ብዬ። አንተ አይዞሽ አትበለኝ።»

«አልልሽም።»

«ለዚህ ነው ካንተ ጋር የማወራው።»

ያኔ መናገር ነበረበት። አፉ ውስጥ ነበር፣ ምላሱ ጫፍ ላይ። ግን ቢናገር የሚመለስበት ቤት ታየው፦ የድንጋዩ ግድግዳ፣ ባልዲው፣ «እንዴት አደራችሁ» ሲል የማይመልሱት ክብ ፊቶች። አልተናገረም። ሲመለስ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ቃሊቲ! ቃሊቲ ቶታል!» እያለ ሲጮህ ሁሉ ስሙን ጠርቶ የሚሰድበው መሰለው።

ያን ሳምንት ጃለታ የሁዳዴውን ወተት አመጣ። ሳህሌ ከጥጃ ጨጓራ የሚሠራውን ማርጊያ አንስቶ ትንሽ አየና መልሶ አስቀመጠው። ከኋላ መደርደሪያ ከእንስሳ ያልተሠራ ማርጊያ ፈልጎ አንዲት ትንሽ ፎርማጆ ለብቻዋ አረጋ። ክርስቲያን ካረደው ጥጃ የወጣ ነገር ሒክማ እንደማትቀምስ ማንም አልነገረውም፤ ማንም አዲስ አበቤ አይነገረውም። ለምን እንደሚያደርገው ግን ራሱን አልጠየቀም።

*

አንድ ጠዋት መጋዘኑን ሲከፍት ፎርማጆዎቹ ሁሉ ነጭ ለብሰው ጠበቁት። ስስ፣ እንደ ዱቄት ያለ ነጭ። ሳህሌ ልቡ ዘለለ። በመጽሐፍ ያነበበው፣ የውጭ አገር አይብ ሠሪዎች የሚኮሩበት ክቡር ሻጋታ አቃቂ ድረስ መጣለት! ለእናቱ ደወለ። «ሻገተ!» አላቸው በደስታ። ስልኩን ዘጉበት። ለሒክማ ጻፈ፦

«ዛሬ ስነሳ ቆዳው ላይ ሁሉ ነጭ ነገር ወጥቶ አየሁ። ደስ ብሎኛል!»

መብራት ጠፋ፣ ስልኩ ባትሪ ጨረሰ። መብራቱ ቀትር ላይ ሲመለስ ማሽኑ ነቃ፤ እሱ ግን ስልኩን ረስቶ ሽርጡን ለብሶ አይብ ሲያገላብጥ ቆየ።

በዚያው ሰዓት እትዬ አሰለፈች ሳሪስ ሱቅ ውስጥ ከሱቁ የገዙትን ዝግጁውን የጭጋግ ማሽን ባንኮኒ ላይ ዘርግፈው ይጮሁ ነበር፦ ቴሌቪዥኑ ነጭ አቧራ ለበሰ፣ መስታወቱ ለበሰ፣ የልጅ ልጃቸው ሌሊቱን ሲያስለው አደረ። ሒክማ ጣቷን በማሽኑ አፍ ላይ አሻሸች። ኖራ። ውሃው ውስጥ ያለውን ኖራ ነው ጭጋጉ እየተሸከመ የሚበትነው። በአቃቂ ቧንቧ የሚመጣው የጉድጓድ ውሃ ደግሞ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ድንጋይ የሚያበቅል ውሃ ነው። የሳህሌን መልእክት እንደገና አነበበች። ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው። ደወለች። ለመኪና ባትሪ የሚጨመረውን የተጣራ ውሃ በጄሪካን አንጠልጥላ፣ ሱቁን ለዚያድ ጥላ፣ ሴንሰሩን በላከችበት አድራሻ ኮንትራት ታክሲ ይዛ በረረች።

የመጋዘኑ በር ተበርግዶ ሲከፈት ሳህሌ በጭጋግ ውስጥ ቆሞ ነበር።

«አጥፋው!» አለች። «ልጁን አውጣው! ሳንባው ውስጥ ይገባል!»

ሶኬቱን ራሷ ነቀለችው። ፋኑ ተነፈሰና ቆመ። ጭጋጉ ቀስ ብሎ መውረድ ጀመረ። መጀመሪያ የላይኛው መደርደሪያ ታየ፣ ቀጥሎ መካከለኛው፣ ቀጥሎ የታችኛው። ዓይኖቿ አልጋ ይፈልጋሉ። ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቷል፤ ጄሪካኑን አላስቀመጠችም።

«የታለ?»

«ሒክማ...»

«ሳህሌ፣ ልጁ የታለ?»

«ልጅ የለም።»

ጄሪካኑ ከእጇ ወርዶ ወለሉን መታ። ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «መቼ?» አለች፣ በማይሰማ ድምፅ።

ሳህሌ ያን ጊዜ ምን እንደገባት ገባው። ከዋሸው ሁሉ ይሄኛው፣ ያልዋሸው፣ ከበደው።

«አይደለም፤ አልሞተም። ከመጀመሪያውም አልነበረም። ለአይብ ነው የገዛሁት።»

ወደ መደርደሪያው ሄዳ ቅርቡ ያለውን ፎርማጆ በጣቷ ነካችው። ነጩ ዱቄት ጣቷ ላይ ቀረ።

«ይሄ ነው ሦስት ወሩ?»

«አዎ።»

«ወንዱ።»

ሳህሌ ሽርጡን ፈታ።

«እትዬ አሰለፈች አቦ ደጅ ሻማ አብርተውለታል» አለች። ሳቅ የመሰለ ነገር አመለጣትና መሀል መንገድ ላይ ተሰበረ። «ለአይብ።»

«ሰልፉን አፍሬ ነው። እውነቴን ነው ሒክማ። ሰዉ ሁሉ እያየኝ...»

«ሰልፉ አንድ ቀን ነው የቆመው» አለችው። «ከዚያ በኋላ የነበርነው እኔና አንተ ነን።»

ከቦርሳዋ ሰማያዊውን ቆብ አወጣች። አለቀ ማለት ነው፤ አናቱ ላይ ትንሽ ነጭ ኳስ ሰፍታበታለች። አየችው፣ አጣጠፈችው፣ መለሰችው። በሩ ጋ ስትደርስ ጀርባዋን እንደሰጠችው ቆመች።

«ይሄ ሻጋታ አይደለም። የጉድጓዱ ውሃ ኖራ ነው። በደረቅ ጨርቅ ጥረገውና ከዛሬ ጀምሮ ባመጣሁት ውሃ ብቻ አስነሳው። የቧንቧ እንዳትጨምር።»

ሄደች። ሳህሌ ክቡር ሻጋታውን በጨርቅ ጠረገው።

*

ማሽኑ እንደ ሰዓት ሠራ። ፎርማጆዎቹ መሰንጠቅ አቆሙ፤ ቆዳቸው ለስልሶ የወርቅ መልክ ያዘ። የሳህሌ ሥራ እንደዚህ አምሮ አያውቅም። ሳህሌም እንደዚህ ብቻውን ሆኖ አያውቅም። ድሮ ብቻውን ሲሆን ማን እንደጎደለ አያውቅም ነበር፤ አሁን ያውቃል።

የድሮ የድምፅ መልእክቷን ያዳምጣል። «ፋኑ መንፋት ነው ያለበት።» ከጀርባዋ ሱቁ ይንጫጫል። ዒድ መጣ፤ ከመስጊዱ ተክቢራው በፋብሪካዎቹ ጣሪያ ላይ አልፎ እሱ ጋ ደረሰ። «ዒድ ሙባረክ» ብሎ ጻፈና አጠፋው። ደግሞ ጻፈ። ደግሞ አጠፋው። የእሱ ጾም ገና አላለቀም፤ በመንደሩ ሁሉም ሰው የሚበላውም አብሮት የሚበላም ያለው መሰለው፣ ከእሱ በቀር።

ጄሪካኑ ባዶ ሆነ። የሚሸጥበት ሱቅ ሞልቷል፤ ገዝቶ መሙላት ይችላል። ባዶውን ጄሪካን እያየ ጥቂት ቀን ተቀመጠ። ጭጋጉ ቀጠነ፣ ከዚያ ቆመ። ፎርማጆዎቹ መድረቅ ጀመሩ። በአራተኛው ቀን የጥጃ ማርጊያ ያልነካትን ትንሿን ፎርማጆ አወረደ፣ በነጭ ነጠላ ጠቀለላት፣ እንዳትደቅ በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቀፋትና ሳሪስ ሄደ።

ሱቁ በሰልፍ ተሞልቷል። አስቦበት ነው የመጣው።

«መጣ!» አሉ መጀመሪያ ያዩት እትዬ አሰለፈች። «ልጁን ይዞት መጣ! ወይ የኔ ጌታ፣ እፍ እፍ፣ ዓይን አይይህ! ቦታ ልቀቁለት እናንተ!»

ሰልፉ ለሁለት ተከፈለ። ሴቶቹ አንገታቸውን አሰገጉ። ሒክማ ከባንኮኒው ጀርባ ቆማ ነጠላውን አየች፣ ቀጥሎ ፊቱን አየች።

ሳህሌ ጥቅሉን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ገለጠው።

ለትንሽ ጊዜ ሳሪስ ላይ መኪና እንኳ ያለፈ አይመስልም።

«አይብ ነው» አለች ልጅ ያዘለችው።

«እትዬ አሰለፈች» አለ ሳህሌ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልጅ የለኝም። ሚስትም አልሞተችብኝም፤ አግብቼም አላውቅ። አይብ ነው የምሠራው። ያን ቀን ጭጋግ የፈለግኩት ለዚህ ነው። እናንተን አፍሬ ዋሸሁ። ከዚያ በኋላ ደግሞ፣ እውነቱን ከተናገርኩ እሷ አታናግረኝም ብዬ ፈራሁ። ብቻዬን ነው የምኖረው። በቃ።»

እትዬ አሰለፈች ፎርማጆዋን አዩ፣ እሱን አዩ፣ ፎርማጆዋን አዩ። «ለአይብ ነው ያን ሁሉ ሻማ?»

«አዎ እትዬ።»

«ታዲያ» አሉ በመጨረሻ፣ «ቆዳዋ ድኗል፤ ሻማዬ አልከሰረም።» ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ዚያድ ከመጋረጃው ጀርባ ወጥቶ ባንኮኒውን እየመታ ሳቀ። «የአይቡ አባት!» አለና፣ ሳቁ ሲያልቅ ለሳህሌ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «አይብ ቀላል ነው ወንድሜ። የቀረው ግን ቀላል አይደለም፤ ታውቃለህ አይደል?» አለው።

«አውቃለሁ።»

ሒክማ አልሳቀችም። «በምንድን ነው ያረጋኸው?» አለች።

«ከእንስሳ ባልሆነ ነገር። ይቺን ብቻ። የሁዳዴው ወተት የመጣ ሳምንት ነው የሠራኋት።»

ዓይኖቿ ፊቱ ላይ ቆዩ። ያ ሳምንት ምን እንደነበር አሰበች፤ ሰማያዊውን ክር ያወጣችበት ሳምንት። መሳቢያ ከፍታ ቢላ አወጣች፣ ቢስሚላህ ብላ ቆረሰች፣ አፏ ውስጥ አደረገች። ሰልፉ ትንፋሹን ያዘ።

«አንተስ?»

«ጾም ነኝ። እንዴት እንደሆነች አላውቅም። አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ።»

ቀስ ብላ አኘከች። «ጨው በዝቷል። ዳር ዳሩ ደርቋል፤ ሰሞኑን አላጠጣሃትም። መሀሏ ግን...» ቆመች። «መሀሏ ጥሩ ነው። ገና ነው እንጂ ጥሩ ነው።»

«ውሃው አለቀ።»

«መቼ?»

«ሰሞኑን።»

«እና ለምን ሌላ አልገዛህም?»

መልሱን ሁለቱም ያውቁት ነበር። ሒክማ ጎንበስ ብላ ከባንኮኒው ሥር ጄሪካን አወጣች። ሙሉ ነው። ክዳኑ ላይ የሳምንታት አቧራ ተኝቶበታል። በእጇ መዳፍ ጠርጋ ወደ እሱ ገፋችው።

«እሁድ ከሰዓት ዚያድ ነው ሱቅ የሚውለው» አለች፣ ለሰው ሳይሆን ለቢላዋ እንደምትናገር። «መጥቼ ሴንሰሩን አየዋለሁ። ሴንሰሩን ብቻ።»

ሳህሌ ጄሪካኑን አንጠልጥሎ ታክሲ ገባ። ረዳቱ «ለዕቃው ትከፍላለህ» ቢለው ሳይከራከር ከፈለ። ቤቱ ደርሶ ባልዲውን ሞላ፣ ሰካ። ጭርርታው መጣ፣ ጭጋጉ ፈሰሰ፣ መደርደሪያዎቹን አንድ በአንድ ሸፈናቸው።

ሌላ ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ። አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። ያን ዕለት አይቦቹን አላናገራቸውም። የሚያወራውን ለእሁድ አስቀመጠው።